አንድ ደቂቃ ለሽንሌ

የአባቴን የቲኬት መስኮት ስከፍት ከዚራ ገና አልነቃችም፤
ደቻቱ ደረቅ ነው፤ ማዶ ያለችው መጋላም በሯን አልከፈተችም።
የጣቢያው ግንብ ቢጫ ነው፤ በተላጠበት ሌላ ቢጫ ይታያል፤
ከዚያም ስር ሌላ፤ ስንቴ እንደተቀባ ግንቡ ራሱ ያውቃል።
ከበሩ በላይ የፈረንጅ ፊደል ከኛው ጋር ተዳብሏል፤
ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን ርግብ፣ ግማሹን ጊዜ በልቷል።
“ሦስት ግማሽ ከየት መጣ?” አትበሉኝ አቦ፤
የድሬ ሒሳብ እንዲህ ነው፣ ይተርፋል ተሰብስቦ።

ቅዳሜ ነው። ባቡር አለ።

ሆዳን ከነሽንኩርቷ፣ ከነጄሪካኗ ደርሳለች፤
“ስንት ገባ ዛሬ?” ትለኛለች፤ ስንት እንደሆነ ታውቃለች።
አንድ የቀፊራ ልጅ ቆሟል፣ ሁለት ፍየል ይዞ፤
ለአንዷ ከፍሎ ሌላዋን “ልጇ ናት” ይለኛል፣ ፈገግታውን መዝዞ።
ለአይሻ የተዳረች ሙሽራ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች።

ከሁሉም ኋላ ሙሴ ወርዶፋ።
ካኪ ኮቱ ተተኩሶ፣ ሁለት ቁልፉ ግን ጠፍቶ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ባንዲራ ያውለበለበው ክንዱ
ዛሬም ከፍ ይላል፣ ሳያዘው፣ በልማዱ።

“ሽንሌ” ይላል። ሌላ ቃል የለውም።
ሽንሌ ቅርብ ናት፤ በባጃጅ ቢሄድ ላብ እንኳ አያልበውም።
እዚያ ይወርዳል፤ ባቡሩን ሸኝቶ፣ በሃዲዱ መሃል
የብረቱን ርብራብ እየቆጠረ በእግሩ ይመለሳል።

ጠየቅሁት አንዴ። “ለጉልበቴ ነው፣ ሐኪም አዞኝ” አለኝ።
ሐኪም እንዲህ አያዝም፤ ቢሆንም መልሱ በቃኝ።

ነገሩን የነገረኝ አባቴ ነው፣ ሊሞት ሰሞን፣ በጨዋታ፦
ድሮ ነው፤ ሽንሌ ላይ፤ ሙሴ በሥራው ቦታ፤
ባቡሩ ሞልቶ፣ ባንዲራው ተጠቅልሎ እጁ ላይ ሳለ
ከግራሩ ወዲያ አንዲት ሴት፣ አንድ ሕፃን፣ አንድ “ጠብቁኝ!” አለ።
ትሮጣለች። አንዱ ጫማዋ ወልቆ አሸዋ ላይ ቀርቷል፤
ሙሴ አይቷታል። ሰዓቱንም አይቷል። ሰዓቱ ሞልቷል።
“ሸመንደፈር ሰው አይጠብቅም” ያኔ ኩራት ነበር፤
ክንዱ ከፍ አለ። ፊሽካ። ጥሩንባ። ከዚያ የብረት ሽብር።

ሕፃኑ ታሞ ነበር ወይ? አባቴ አላወቀም፤
ማን እንደነበረች፣ የት እንደገባች፣ ሙሴም አልጠየቀም።
“ከጠየቅሁ” ብሎት ነበር ለአባቴ፣ “ይነግሩኛል።”

ዛሬ የሙሴን መልስ ቆጥሬ ይዣለሁ፤ ሙሴ ግን አልመጣም።
ሆዳን አየችኝ፤ አየኋት፤ ከሁለታችን አንድም ሰው ቃል አላወጣም።
ባቡሩ ጮኸ፤ ማሽኒስቱም በመስኮት ራሱን አወጣ፤
“ምንድን ነው የምንጠብቀው?” አለኝ፤ መልሱ ከየት ይምጣ?
“አንድ ደቂቃ” አልሁት፣ ባዶውን መንገድ እያየሁ፤
አንድ ደቂቃ ቆመ። ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ዛሬ ለየሁ።
ፍየሏ ጮኸች። ሙሽራዋ ሳቀች። ርግብ ተነሣ ከጣራው።
ከዚያ ሄዱ፣ በሽንሌ በኩል፣ በዚያ በነጭ አሸዋው።

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪ መጣ፣ መሰላል አዝሎ፣
“የጣቢያው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በአንድ ደቂቃ” ብሎ።
መሰላሉን ያዝሁለት። ሁለት እርከን ወጣ።
“ውረድ” አልሁት።
ውሃ ሰጠሁት፤ ሒሳቡን ከፈልሁት፤ እያጉረመረመ ሄደ።

ማታ ገንደ ቆሬ ወጣሁ። የሙሴን በር አላጣሁትም።
ከውስጥ የሰዎች ድምፅ አለ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።
እጄ ሊያንኳኳ ተነሥቶ እዚያው አየር ላይ ቀረ፣
ባንዲራ እንደያዘ።

ማክሰኞ ባቡር አለ።